ደሴ ያለ ጉልበት፣ አዲስ አበባ ያለች ዐይን

ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ከሚሄድ ሻንጣ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የጉልበት ኪኒን ነው። ግሉኮሳሚን የሚል የተጻፈበት ትልቅ ብልቃጥ፣ ከጎኑ የሚለጠጥ የጉልበት ማሰሪያ፣ ከሥሩ የሚያቃጥል ቅባት። እዚህ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ፣ አንድ ሰው አገር ቤት ሊሄድ ነው ሲባል ስልኩ ዕረፍት ያጣል፤ የሁላችንም እናት ጉልበቷን ያማታልና። የሚላከው በፍቅር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1,583 ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ግሉኮሳሚንም ሆነ አብሮት የሚሸጠው ኮንድሮይቲን በጠቅላላው ሲታዩ መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን የተሻለ ሕመም እንደማያስታግሱ አሳይቷል። ያ ጥናት ከወጣ ይህን ያህል ዓመት ሆኖታል፤ ብልቃጡ ግን እስከ ዛሬ ቦሌ መውረዱን አላቆመም።

እኔ መጻፍ የፈለግሁት በሻንጣ ስለማይላክ ነገር ነው። እናቴ ደሴ ቤቷ ተቀምጣ፣ አዲስ አበባ ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በስልክ እየተከታተለቻት የምትሠራው የጉልበት ስፖርት ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሠራና የት ላይ እንደማይሠራ ልናገር። እናቱን በቪዲዮ እያየ «ዛሬስ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» እያለ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሥራዬ የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ መድኃኒት አቀርባለሁ፣ ቁርስ እሠራለሁ፣ ሰውነት አጥባለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የሚውል ሰው የማያየው የጉልበት ሕመም ዓይነት የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስገረመኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ጤና ጣቢያ የሄደ ስዊድናዊ በቅድሚያ የሚላከው ወደ ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ወደ ትምህርት መሆኑ ነበር። «የአርትሮስ ትምህርት ቤት» ይሉታል። አርትሮስ የሚሉት የእኛ ሐኪሞች ኦስትዮአርትራይተስ የሚሉትን፣ ሕዝባችን ደግሞ ከቁርጥማትና ከሪህ ጋር ደባልቆ የሚጠራውን የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአገሪቱ የተስፋፋ አሠራር ነው፤ ስለ ሕመሙ ጥቂት ትምህርት ይሰጣል፣ ከዚያ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት በሳምንት ሁለት ቀን ለ6 ሳምንታት ያህል ስፖርት ይሠራል፣ ከ3 ወር በኋላ ደግሞ የደረሰበት ይታያል። ቆይቶ ይኸው ትምህርት ስልክና ታብሌት ውስጥ ገባ። የአጥንት ሕክምና ፕሮፌሰሩ ሌይፍ ዳልበርግ ያነሣሡት ጆይንት አካዳሚ የሚባለው አገልግሎት ከዚህ ትምህርት የተወለደ ነው።

ከምንከባከባቸው እናቶች አንዷ ታብሌታቸውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁመው፣ የወንበሩን ደገፍ ይዘው ሲነሡና ሲቀመጡ ቁርሳቸውን እያዘጋጀሁ አያቸው ነበር። ሲጨርሱ ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይሞላሉ። በማግሥቱ አንድ ሰው አይቶ ይመልስላቸዋል። «ትናንት ከፍ ብሏል፤ ዛሬ ቁጥሩን ቀንሰን እንሥራ» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ያቺ መልእክት ደስ ታሰኛቸው ነበር። አንድ ሰው እየጠበቃቸው ነው ማለት ነውና።

በዚያው ሰሞን እናቴ ደሴ ላይ የተነገራት የዚህ ተቃራኒ ነበር። ራጅ ተነሣች። ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየው ሰው «የጉልበትዎ ፈሳሽ አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው። ከእንግዲህ ደረጃ አይውጡ፣ ብዙ አይቁሙ፣ ይረፉ» አላት። እናቴ የተባለችውን ትሰማለች፤ ዐረፈች። ገበያ መውረድ ተወች። ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ብቻ ሆነ። ቡና ከምታፈላበት በርጩማ መነሣት ሲያቅታት በርጩማው ጓዳ ገባ፣ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ የማትችለው ነገር ከሚያማት ነገር በለጠ።

የሰውነት ነገር እንዲህ ነው። የአጥንትን ጫፍ የሚያለብሰው ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስንረግጥ ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሣ እንደ ስፖንጅ መልሶ ይጠጣል። እንቅስቃሴ ያጣ ጉልበት ይህን ሁሉ ያጣል። ከዚያም በላይ ከጭን ፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ሥራ ሲፈታ በሳምንታት ውስጥ ይደክማል። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው እርሱ ነውና እርሱ ሲደክም እያንዳንዱ እርምጃ የበለጠ ያማል፤ የበለጠ ሲያም ደግሞ የበለጠ ይታረፋል። ራጅ ይህን አያሳይም። ፊልሙ ላይ ክፉኛ ተጎድቶ የሚታይ ጉልበት ይዘው ዳገት የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ ፊልሙ ላይ እምብዛም ያልታየባቸው ደግሞ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። «አጥንት ከአጥንት» የምትለዋን አነጋገር የምጠላት ለዚህ ነው። ያንን ሰምቶ በድፍረት የሚራመድ ማን አለ? እናቴ አንድ ዓመት ሙሉ በተራመደች ቁጥር ውስጧ የሆነ ነገር የሚፈጭ እየመሰላት ነው የኖረችው።

የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክም አለ። እርግጥ ያስታግሳል። ነገር ግን ጨጓራን ይልጣል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የእኛ እናቶች ደግሞ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይቆዩና ሕመሙ ሲበረታባቸው በባዶ ሆዳቸው ይውጡታል፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ጎረቤት ካካፈለቻቸው የኪኒን ቅጠል ላይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ የመገጣጠሚያ ሕመም እንደተያዙ ይገምታል፤ 60 ከመቶዎቹ ሴቶች ናቸው፣ በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው። ከእነዚህ መካከል ስንቶቹ በባዶ ሆዳቸው ኪኒን ይውጡ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ነገር ግን የእናቴ ቤት ከአስፋልቱ በታች ነው፤ ደሴን የሚያውቅ ሰው «ከአስፋልቱ በታች» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ወይ ዳገት ናት ወይ ቁልቁለት። አስፋልቱ ላይ ለመድረስ ድንጋይ ደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ደረጃ፣ ከዚያ ወረፋ። ክረምት ሲገባ ጭቃው አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ6 ሳምንታት። ጉልበቱ ታሞ ይህን መንገድ የሚመላለስ ሰው ሕክምናው ከሚሰጠው ይልቅ መንገዱ የሚወስድበት ይበልጣል። የቪዲዮ ክትትልን እንዳስብ ያደረገኝ ይህ ነው፤ የቴክኖሎጂ ፍቅር አይደለም።

በዘመድ በኩል አንዲት ወጣት ባለሙያ ተገኘች። አዲስ አበባ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ክፍለ ሀገር ያሉ ሕመምተኞቿን በቴሌግራም ትከታተላለች። ጥምቀት እንዳለፈ ተጀመረ። እኔ ከጎተንበርግ ዝም ብዬ እንዳዳምጥ ተፈቀደልኝ፤ ዝም የሚለው ቃል የባለሙያዋ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ጊዜ ያለቀው በጥያቄ ነበር። ጉልበቱ አብጦ ይግላል ወይ? ትኩሳት አለ? ሳይታሰብ ተቆልፎ አልታጠፍ ብሎ ያውቃል? ሌሊት ከእንቅልፍ ያነቃል? ባቱስ? ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ? ወድቀው ያውቃሉ? አሁን ሳስበው የሩቅ ሕክምና ጨዋነት ያለው እዚህ ላይ ነው። በእጇ መዳሰስ የማትችል ባለሙያ ቢያንስ በእጅ መዳሰስ ያለበትን ለይታ ማወቅ አለባት። ከዚያ «እማማ፣ እስቲ ጉልበትዎን ያሳዩኝ» ስትል ነገሩ ቆመ። ስልኩን የያዘው የጎረቤት ልጅ ወንድ ነበር። እናቴ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስባ «በወንድ ልጅ ፊት ጉልበቴን ገልጬ? ተይ እንጂ ልጄ» አለች። ባለሙያዋ አልሳቀችም፣ አላግባባቻትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የልጁ እኅት ስልኩን እንድትይዝ፣ እናቴም ከቀሚሷ ሥር ሱሪ እንድትለብስ ተስማሙ፤ ያን ቀን በልብስ ላይ የሚታየውን ብቻ አይታ ጨረሰች። ይህን የሚያስተምር መተግበሪያ ያለ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ስልኩ በስኳር ጣሳ ተደግፎ ሳጥኑ ላይ ቆመ፤ ልጅቷ ደግሞ ሲያስፈልግ ታነሣዋለች። የመመገቢያ ወንበር ከግድግዳ ጋር ተጠጋ፤ እንዳይንሸራተት። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይነሣል? ከ65 እስከ 69 ዓመት ያለች ሴት ቢያንስ 11 ጊዜ መነሣት ይጠበቅባታል። እናቴ ከዚያ እኩሌታ ላይ ደርሳ ቁጭ አለች። ባለሙያዋ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረቷን የሳበው ሌላ ነበር። «ስልኩን ዝቅ አድርጊው፤ እግራቸውን አሳዪኝ» አለች ልጅቷን። እናቴ ስትነሣ የቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይታጠፍ ነበር፤ ክብደቷን ሁሉ ደግሞ ግራው ላይ ትጥላለች። ሁላችንም ለዓመታት ስትነሣ አይተናታል፤ ያየው ግን አልነበረም። «እማማ፣ ጉልበትዎ ከእግርዎ ጣት ጋር ይተያይ» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ንግግር ሆነ። ወንበሩ ላይ ትራስ ተጨመረ፤ ከፍ ሲል ለመነሣት ይቀላል። ጡንቻው ሲበረታ ትራሱ ይነሣል። ሁለት ጥቅል ጨው በነጠላ ቁራጭ ታስሮ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጠመጠመ፤ ቁጭ ብላ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሣለች፣ ቀስ ብላ ትመልሳለች። ደፉ ላይ መውጣትና መውረድ፣ በሩን ይዞ እግርን ወደ ጎን ማንሣት። ይኸው ነው። ዕቃ አልተገዛም።

የሕመም ደንቡ ግን ለእናቴ አዲስ ነበር። ስፖርት ሲሠራ ሕመም ቢሰማ ችግር የለውም፤ ከ10 ውስጥ ከ5 አይለፍ፣ በማግሥቱም ወደ ነበረበት ይመለስ። ከዚያ ካለፈ ስፖርቱ አይቆምም፤ መጠኑ ይቀንሳል። ለእኔ የሕክምናው ልብ ይህ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሕመም ሲሰማት ቁጭ ያለች ሴት «ይህኛው ሕመም ይፈቀዳል» ስትባል የገዛ እግሯ እንደገና የእርሷ ይሆናል።

ችግሩ እናቴ ሕመሟን አትናገርም። «እንዴት አደሩ እማማ?» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። «ከ10 ስንት ይሰጡታል?» ሲሏት «ኧረ ደህና ነው ልጄ፣ አብሽሪ» ትላለች። ከ10 ስንት የሚለው ጥያቄ ስዊድን ውስጥ ያሠራል፤ እኛ ዘንድ ግን ሕመምን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ማማረር ይመስላል፣ ማማረር ደግሞ ነውር ነው። በሩቅ ክትትል ላይ ይህ ትልቅ አደጋ ነው፤ መጠኑ የሚጨመረውና የሚቀነሰው ሕመምተኛው በሚናገረው ነውና። ባለሙያዋ ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ ቁጥሩን ተወችው። «ትናንት ቅዳሴ ሄደው ነበር? ቆመው አስቀደሱ ወይስ ተቀመጡ? ወንጌል ሲነበብ ብቻ ነው የቆሙት? ሲመለሱ ባጃጅ ያዙ? ሌሊት ስንት ጊዜ ተገላበጡ?» ትላት ጀመር። እናቴ ለእነዚህ ጥያቄዎች አትዋሽም፤ ስለ ቅዳሴ አይዋሽም። ባለሙያዋ መልሱን ሰምታ ቁጥሩን ራሷ ትጽፋለች። እኔ በሥራዬ የሕመም ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ የሕመም መለኪያ አላየሁም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የስግደት ነገር መጣ። እናቴ «ይረፉ» ከተባለች ጀምሮ አልሰገደችም፤ ከጉልበቷ ይልቅ ያሳመማት ይህ እንደነበር ያወቅሁት ለባለሙያዋ ስትነግራት ሰምቼ ነው። ባለሙያዋ ሙስሊም ናት። «አያቴም ሱጁድ ላይ ነው ያስቸገራት» አለቻት። ከዚያ ሁለቱ ልክ እንደ ባልንጀሮች ስለ መንበርከክ ያወሩ ጀመር። ነፍስ አባቷ ለታመመ ሰው በቁመት ጎንበስ ማለት እንደሚበቃ ነግረዋት ነበር፤ ባለሙያዋም ቃላቸውን ሳትነካ ሌላ መንገድ ጨመረች። ወለል ላይ መውረድንና ከወለል መነሣትን ራሱን ስፖርት አደረገችው። ወንበር ይያዛል፤ ደህነኛው እግር ፊት ይቀራል፤ የታመመው ወደ ኋላ ሄዶ ትራስ ላይ ያርፋል፤ ሲነሡ ደግሞ ደህነኛው ይገፋል። በመጀመሪያ በግማሽ መንገድ፣ ቀጥሎ እስከ ትራሱ። በስቅለት ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትራስ ይዛ ሄደች። ስንት እንደሰገደች አልጠየቅናትም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ያለቀለት መሰለን። ቪዲዮ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ለወራት እንዲያ ቆየ። ባለሙያዋ ግን በተራ ስልክ መደወል ጀመረች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። «እማማ፣ ጮክ ብለው ይቁጠሩልኝ» ትላለች። እናቴ ትቆጥራለች፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ባለሙያዋ ቁጥሩ የሚዘገይበትን፣ ትንፋሹ የሚቆረጥበትን ትሰማለች። «ሰባተኛው ላይ እጅዎን ተደገፉ መሰለኝ» ብትላት እናቴ «እንዴት አየሽኝ?» ብላ ደነገጠች። በቪዲዮ አስቀድማ ስላየቻት ነው እንጂ ከመነሻው በድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይሄድም ነበር ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ በ175 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ፊዚዮቴራፒስቶች በስልክ ብቻ በሚሰጡት የስፖርት ምክር፣ የሰዎቹ እንቅስቃሴ በ6 ወር ላይ እንደተሻሻለ፣ በሕመሙ ላይ ግን ውጤቱ ያን ያህል ግልጽ እንዳልነበረ፣ በዓመቱም ልዩነቱ አብዛኛው እንደጠፋ አሳይቷል። እኛም ቤት ያየነው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ በእነዚያ ወራት እናቴ ያገኘችውን ያዘች፣ ወደ ፊት ግን አልገፋችም። መያዟ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በቪዲዮ የሚሰጠው ግን በአካል ከሚሰጠው ያንሳል ብሎ የሚጠራጠር ሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የራና ሂንማን፣ የኪም ቤኔልና የባልደረቦቻቸውን ጥናት ይመልከት። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የቆየ የጉልበት ሕመም ያለባቸውን 394 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ወገን በ3 ወር ውስጥ 5 ጊዜ ፊዚዮቴራፒስቱን በአካል አገኘ፣ ሌላው ያንኑ 5 ጊዜ በቪዲዮ። በሕመምም ሆነ በእንቅስቃሴ የቪዲዮው ወገን ከአካሉ አላነሰም። ልብ በሉ፤ 5 ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪውን ሁሉ ሰዎቹ ቤታቸው ብቻቸውን ሠርተውታል። ባለሙያው የሚያየው ጥቂቱን ነው፤ ያ ጥቂት ግን ለብቻ የሚሠራውን ብዙውን ይይዘዋል።

ስፖርት የተበላ ካርቲሌጅ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው፣ 139 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመዘነው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ስፖርት ሕመምን እንደሚቀንስና እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል ቢያሳይም፣ ጥቅሙ በአማካይ መጠነኛ እንደሆነ፣ ለአንዳንዱ ሰው ላይሰማውም እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የእናቴ ጉልበት ዛሬም ያማታል። ቀኑ ሲቀዘቅዝ ጠዋት ይደርቅባታል። ጉልበቱ ፈጽሞ ለደከመ፣ ሌሊትና ቀን ለሚያሰቃየው ሰው የመገጣጠሚያ መለወጥ ቀዶ ሕክምና የራሱ ቦታ አለው፤ በቪዲዮ አይተካም። ክብደትም አለ። አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት እጥፉ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል፤ ባለሙያዋ ይህን ለእናቴ ስትነግራት እናቴ ዝም አለች፣ ከዚያ «ስኳሩን ከሻይ ላነሣ እችላለሁ፣ ከቡናው ግን አልችልም» ብላ ተደራደረች። ተፈቀደላት።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከአውሮፓ የሚገዛው የአንድ ዓመት ኪኒን፣ ማሰሪያና ቅባት ተደምሮ ለባለሙያዋ ከሚከፈለው ይበልጣል። ሆኖም «ለማውራት ብቻ እንዴት ይከፈላል?» ሲባል እሰማለሁ። ባለሙያዋ ለአንድ ሕመምተኛ ከመደወሏ በፊት ያለፈውን ማስታወሻ ታነባለች፣ ከደወለች በኋላ የሚቀጥለውን መጠን ትጽፋለች፤ ቀጠሮ ላይ መብራት ሲጠፋ ደግማ ትደውላለች። ማውራት አይደለም። ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ጉልበትዎን በ7 ቀን ይፈውሱ» እያለ የሚዞረውን ቪዲዮ ለእናቶቻችን እየላክን ክትትል ያገኙ ይመስለናል። ቪዲዮው እናቴን አያያትም። ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ መታጠፉን፣ የትናንቱ ቅዳሴ ረጅም መሆኑን አያውቅም። ያው እንቅስቃሴ ለአንዷ መድኃኒት ሲሆን ለሌላዋ ከመጠን ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የሚያይ ዐይን ነው። እኔ ለዚያ ዐይን በደስታ እከፍላለሁ።

ባለሙያ ለሚፈልግ ሰው ከእኛ ቤት ያየሁትን ልንገር። የሙያ ፈቃድ አላት ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስፖርት በማሳየት የምትጀምር ከሆነ ተጠራጠሩ፤ በጥያቄ የምትጀምረው ትሻላለች። መጠኑን በየጊዜው የማትለውጥ ከሆነ ክትትል አይደለም። «ይህን በስልክ አላየውም፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ለማለት የማትደፍር ባለሙያም ትቅርባችሁ። የእናቴ ባለሙያ አንድ ቀን የእናቴ ባት ያበጠ መስሏት ወዲያው ስፖርቱን አቁማ ወደ ሆስፒታል ላከቻት፤ የደም መርጋት እንዳይሆን ብላ። አልነበረም። ለባከነው ታክሲ ግን ማንም አላዘነም።

አሁን ቀጠሮው በወር አንዴ ሆኗል። ትራሱ ከወንበሩ ተነሥቷል፤ ረከቦቱ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ በርጩማው ግን ከፍ ያለ አዲስ ነው። ሁለት ጎረቤቶች ከእናቴ ጋር አብረው መሥራት ጀምረዋል። እናቴ ልታስተምራቸው ሞክራ ነበር፤ ባለሙያዋ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ሳታይ አይሆንም አለች። ለአንዷ ጅዳ ያለው ልጇ ይከፍልላታል። ሌላዋ ውጭ ዘመድ የላትም፤ ለእርሷ ጎተንበርግ ያለን ጓደኛሞች ተካፍለን እንከፍላለን። ይቺኛዋ በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ጉልበቷ አብጦ እንደሚግል ስትናገር ባለሙያዋ ስፖርቱን አላስጀመረቻትም። መጀመሪያ በሐኪም እንድትታይ፣ የደም ምርመራም እንድታደርግ ላከቻት፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ከእናቴ ጋር ቡና ትጠጣለች እንጂ አትሠራም።